ኮሶ፦ መድኃኒቱ፣ ትሉና ጥሬ ሥጋው

በአማርኛ «ኮሶ» የሚለው ስም ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይጠራል። አንደኛው በደጋ የሚበቅለው ዛፍና ከአበባው የሚዘጋጀው መራራ መድኃኒት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መድኃኒቱ ከአንጀት የሚያስወጣው ትል ራሱ ነው። «ኮሶ አለብኝ» የሚል ሰው ስለ ትሉ፣ «ኮሶ ጠጣሁ» የሚል ሰው ስለ መድኃኒቱ እንደሚናገር ሰሚው ያለ ማብራሪያ ይረዳል። ሕመሙና ፈውሱ በአንድ ቃል መጠራታቸው ሁለቱ በኢትዮጵያ ደጋ ምን ያህል ዘመን አብረው እንደኖሩ ያመለክታል። በሁለቱ መካከል ግን በስሙ ውስጥ ያልተጠቀሰ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ጥሬ ሥጋ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ኮሶን በአንድ ወገን እንደ ዕፅዋታዊ መድኃኒት፣ በሌላ ወገን እንደ ምግብ ደኅንነት ጥያቄ ይመለከታል። ሁለቱ ጉዳዮች በየትምህርት ክፍሉ ተለያይተው ይጠናሉ። የፋርማሲ ተመራማሪው አበባውን፣ የእንስሳት ሐኪሙ በሬውን፣ የሕክምና ባለሙያው ታማሚውን ይመረምራል፤ ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚገናኙበት ጊዜ ጥቂት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የኮሶ መድኃኒት ደኅንነት በአንድ መጠጫ ውስጥ ባለው የመርዝ መጠን ብቻ ሊመዘን አይችልም፤ ሰው መድኃኒቱን በሕይወት ዘመኑ ስንት ጊዜ ለመጠጣት ይገደዳል የሚለው ጥያቄ አብሮ መመለስ አለበት፤ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ መልስ የሚያገኘው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በግጦሽ መሬትና በእርድ ቦታ ነው።

ዛፉና ዝናው

ኮሶ በሳይንሳዊ ስሙ ሃጌኒያ አቢሲኒካ ይባላል። ከጽጌረዳ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ፣ በኢትዮጵያና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ቀዝቃዛ ደጋ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። ወንዴና ሴቴ አበባዎቹ በተለያዩ ዛፎች ላይ ያብባሉ፤ ሁለቱም በረዣዥም ዘለላ ወደታች ይንጠለጠላሉ። የሴቴው ዘለላ ቀላ ያለ ሲሆን የወንዴው ፈዘዝ ያለ ነው። ለመድኃኒት የሚመረጠው የሴቴው አበባ ነው፤ ይህ ምርጫ ከአገሬው ባለመድኃኒቶች ተነሥቶ በኋላ ወደ አውሮፓ ገበያ ተሻግሯል፤ በዚያም የሴቴው አበባ «ቀይ ኮሶ» በሚል ስም ይለይ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ዛፉን በሥዕል አስደግፎ ገለጸው፤ ለዕፀዋት ሊቁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ እንዲሆንም «ባንኬሲያ አቢሲኒካ» አለው። ስሙ አልጸናም። በተከታዩ ዓመት ጀርመናዊው ግሜሊን፣ በኮኒግስበርግ ይኖር የነበረውን ፋርማሲስት ካርል ጎትፍሪድ ሃገንን በሚያስታውስ ስም ሃጌኒያ ብሎ መዘገበው፤ ዛሬም የሚሠራበት ይኸው ነው። ቆይቶ ደግሞ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የአበባውን ናሙና ወደ ፓሪስ በመውሰዱ፣ ኩንት የተባለው ተመራማሪ «ብራየራ አንቴልሚንቲካ» የሚል ሦስተኛ ስም አወጣ። አንድ ዛፍ በሦስት አውሮፓውያን ስም ሲጠራ አገሬው ኮሶ ማለቱን አላቋረጠም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶ ወደ ብሪታንያና ወደ አሜሪካ የመድኃኒት መዘርዝሮች ገባ። በብሪታንያው መዘርዝር የታዘዘው መጠን ከሩብ እስከ ግማሽ አውንስ፣ ማለትም ከ7 እስከ 14 ግራም ያህል የተፈጨ አበባ ነበር። ይህን ቁጥር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በአገር ቤት አበባው በእፍኝ ወይም በስኒ ሲለካ፣ በሌላው ወገን ደግሞ በሚዛን እየተለካ ይሰጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሚዛኑ ራሱ የሚመዝነው አበባውን እንጂ በአበባው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር አልነበረም። ከዚህ የተነሣ የአውሮፓ ፋርማሲስቶች ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ኮሶ እንደሚደክም፣ አዲስ የደረሰው ደግሞ እንደሚበረታ ደጋግመው ጽፈዋል። ያልተፈታው የመጠን ችግር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው።

በአገር ቤት የኮሶ ቀን የታወቀ ሥርዓት አለው። አበባው ደርቆ ይፈጫል ወይም ይወቀጣል፤ በውኃ፣ በጠላ ወይም በጠጅ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ከነዱቄቱ ይጠጣል። ጠጪው በዚያ ቀን ከቤት ይቆያል፤ ማቅለሽለሽ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ የሚጠበቁ ናቸውና። «ኮሶ ጠጥቷል» ማለት ከአደባባይ ለመቅረት በቂ ምክንያት ሆኖ ይቆጠር እንደነበር የቀድሞ ጸሐፊዎች ያነሣሉ። በቋንቋው ውስጥም ምሬቱ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል፤ እጅግ የመረረ ነገር ሁሉ እንደ ኮሶ መረረ ይባላል።

ኮሶ ብቻውን አልነበረም። እንቆቆ፣ መተሬ፣ ብሳናና የዱባ ፍሬ ለዚሁ ትል ሲታዘዙ ኖረዋል። በአንጻራዊ ሁኔታ ለዘመናዊ ጥናት የቀረበው መተሬ ነው፤ በፍሬው ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች ተለይተው ወጥ ይዘት ያለው ዝግጅት ለመሥራት በአገራችን የፋርማሲ ተመራማሪዎች ጥረት ተደርጓል። ስለ እነዚህ በሌላ ጊዜ መጻፍ ይገባል፤ እዚህ ግን ወደ ኮሶ እንመለስ።

በአበባው ውስጥ ያለው

የኮሶ ኃይል የሚመነጨው ፍሎሮግሉሲኖል በተባለ ቀለበት ላይ ከተገነቡ ውህዶች ነው። ከእነዚህ ዋነኞቹ ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን ይባላሉ። ከእነርሱ ጋር አልፋ ኮሲንና ቤታ ኮሲን የተባሉ ውህዶች በጥንታዊው የኬሚስትሪ ጽሑፍ ሰፊ ቦታ ይዘዋል፤ ምክንያቱም በቀላሉ ወደ ክሪስታልነት የሚለወጡና ለማጥራት የሚመቹ ናቸው። የቀድሞ ኬሚስቶች ክሪስታሉን በማግኘታቸው የመድኃኒቱን ምሥጢር ያገኙ መስሏቸው ነበር። የኋለኞቹ ጥናቶች ግን ኮሲኖቹን በአብዛኛው ኮሶቶክሲንና ዘመዶቹ በማውጣቱ ሂደትና በጊዜ ብዛት ሲፈራርሱ የሚፈጠሩ ውጤቶች አድርገው ይመለከቷቸዋል።

ይህ ጥቃቅን የሚመስል የኬሚስትሪ ዝርዝር ለመድኃኒቱ ደኅንነት ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ ቤተ ሙከራ የኮሶን ጥራት በኮሲን መጠን ቢለካ፣ የሚለካው ኃይሉን ሳይሆን የተበላሸበትን ደረጃ ሊሆን ይችላል። በጎተራ ሁለት ዓመት የተቀመጠ አበባ በኮሲን የበለጸገ፣ በኮሶቶክሲን ግን የደኸየ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ደካማነቱን አይቶ በሚቀጥለው ጊዜ እፍኙን ከፍ ያደርጋል፤ በዚያ ጊዜ የያዘው አበባ ዘንድሮ የተለቀመ ከሆነ ግን ከፍ ያደረገው መጠን ሙሉ ኃይል ካለው መድኃኒት ነው። በባህል ሕክምና ላይ የሚሰነዘረው «መጠን የለውም» የሚለው ነቀፋ ብዙ ጊዜ በግብር ይውጣ ይነገራል፤ እውነተኛው ችግር ባለመድኃኒቱ መጠን አለማወቁ ሳይሆን፣ የሚያውቀው መጠን በየዓመቱና በየዛፉ የሚለዋወጥ ነገር መለኪያ መሆኑ ነው።

ሌላው ነገር የመሟሟት ጠባይ ነው። እነዚህ ውህዶች በውኃ በጥቂቱ፣ በአልኮልና በቅባት ግን በእጅጉ ይሟሟሉ። ስለዚህ በውኃ የተዘፈዘፈ ኮሶ ተጠልሎ ውኃው ብቻ ቢጠጣ ብዙ ኃይል አይኖረውም፤ ባህሉ ዱቄቱን ከነፈሳሹ ማስጠጣቱ በዚህ በኩል ትክክል ነው። በጠጅ የተዘፈዘፈ ግን የተለየ ዝግጅት ነው፤ የአልኮሉ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የሚሟሟው ውህድ ይጨምራል። ሁለቱ ዝግጅቶች በአንድ ስም ቢጠሩም በሰውነት ላይ አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ መገመት አይቻልም።

መድኃኒቱ ትሉን እንዴት እንደሚጎዳ ለመረዳት በአውሮፓ ለዚሁ ሕመም ሲሰጥ የኖረውን የወንዴ ፈርን ሥር ማስታወስ ይጠቅማል። የፈርኑ ውህዶችም ከፍሎሮግሉሲኖል የተገነቡ በመሆናቸው የኮሶ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። በእነርሱ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ውህዶቹ የሕዋስ ኃይል ማመንጫ በሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ የምግብ መቃጠልን ከኃይል መሠራት ይነጣጥላሉ፤ ሕዋሱ ነዳጁን ያቃጥላል፣ ኃይል ግን አያገኝም። ዘመናዊው ኒክሎሳሚድም ትሉን የሚያጠፋው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

ታዲያ ኒክሎሳሚድ ደኅና፣ ፈርንና ኮሶ አደገኛ የሆኑት ስለምንድን ነው? ሚቶኮንድሪያ በትሉም በሰውም ሕዋስ ውስጥ አለ፤ መርዙ ጠጪውን ከትሉ የሚለይበት መንገድ የለውም። ልዩነቱ ያለው በመጠጣቱ ሳይሆን በመሰረጹ ላይ ነው። ኒክሎሳሚድ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ትሉ ባለበት ቦታ ሠርቶ ከትሉ ጋር ይወጣል። የፈርንና የኮሶ ውህዶች ግን ሁኔታው ከተመቻቸላቸው ወደ ደም ያልፋሉ። በፈርኑ ዘመን ሐኪሞች ይህን በመራራ ልምድ ተምረው ነበር፤ መድኃኒቱን ተከትሎ የሚሰጠው ማስቀመጫ የጉሎ ዘይት እንዳይሆን ይከለክሉ ነበር፤ ዘይቱ መርዙን አሟሙቶ ወደ ደም ያሻግራልና። በምትኩ የጨው ማስቀመጫ ይሰጡ ነበር።

ከዚህ አንጻር ሲታይ በባዶ ሆድ የመጠጣት ባህል ጥበብ አለበት፤ ከዋዜማው ቅቤ የበዛበት እራት የበላ ሰው ግን የፈርኑን ሐኪሞች ያሳሰበውን ሁኔታ ሳያውቅ ሊፈጥር ይችላል። እንዲሁም ኮሶ ራሱ ሆድ የሚያስኬድ በመሆኑ ትርፉን አብሮ ጠርጎ ያወጣል፤ ሆዱ ያልሄደለት ሰው ግን መርዙ በአንጀቱ ይቆይበታል። «ኮሶው አልሻረኝም» ብሎ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ደግሞ የሚጠጣ ሰው ከሁሉ ይልቅ አደጋ ላይ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓይን ነርቭ ጉዳት

የወንዴ ፈርን መድኃኒት ዓይነ ስውርነት እንደሚያስከትል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በአውሮፓ የሕክምና ጽሑፎች ይታወቃል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል ላይ በኮሶ መመረዝ ምክንያት ስለሚደርስ የዓይን ጉዳት የሚገልጽ ጽሑፍ ታትሟል። ጉዳቱ የሚያርፈው በዓይን ነርቭ ላይ ነው፤ ዓይኑ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፣ ሞራም ሆነ ጠባሳ አይታይበትም፤ ምስሉን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ግን ይመነምናል። አንዴ ከመነመነ የሚመልሰው ሕክምና የለም።

ኬሚስትሪው ይህን ጉዳት የሚያስረዳ መንገድ ያሳያል። የዓይን ነርቭ ረዣዥም ክሮች ብዙ ኃይል ይፈልጋሉ፤ በሚቶኮንድሪያ ላይ የሚደርስ ጉዳት ቀድሞ ከሚታይባቸው የሰውነት ክፍሎችም አንዱ እርሱ ነው። ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ የሚያሳውረውም የመፍረሱ ውጤት የሆነው ፎርሚክ አሲድ የሚቶኮንድሪያን ሥራ በማገዱ ነው።

ሆኖም የሚታመን መንገድ መኖሩ ብቻውን ምክንያትነትን አያረጋግጥም። በአንድ ሐኪም ቤት የመነመነ የዓይን ነርቭ ይዞ የመጣ ጎልማሳ፣ ኮሶ መጠጣቱን ቢናገር ብቻ ኮሶን መክሰስ አይገባም። ያው ሰው በቤት የወጣ አረቄ ሊጠጣ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ታክሞ ከሆነ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ኢታምቡቶል የዓይን ነርቭን እንደሚጎዳ በሚገባ የታወቀ ነው። የቫይታሚን ቢ ጉድለትም ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል። ከዚህ በላይ አስቸጋሪው፣ በደጋው ገጠር ኮሶ ጠጥቶ የማያውቅ ጎልማሳ ማግኘት አዳጋች በነበረበት ዘመን፣ ኮሶ መጠጣት በታማሚውም በጤነኛውም ታሪክ ውስጥ እኩል የሚገኝ መሆኑ ነው። ሁሉም የሚያደርገው ነገር የጥቂቶችን ሕመም ለማስረዳት አይበቃም፤ ሊያስረዳ የሚችለው የመጠኑ፣ የአዘገጃጀቱና የድግግሞሹ ልዩነት ነው። ስለዚህም «ኮሶ ጠጥተው ያውቃሉ?» የሚለው የሐኪም ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠጣ፣ በምን እንደተዘፈዘፈ፣ በዚያው ሳምንት ደግሞ እንደሆነና ሆዱ እንደሄደለት መጠየቅ ነው።

የእርግዝና ጉዳይም ሊታለፍ አይገባውም። ኮሶ ፅንስ እንደሚያስወርድ በኅብረተሰቡ የታወቀ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ሆን ተብሎ ለዚሁ ይወሰዳል። ይህ የሚደረገው በምሥጢር በመሆኑ የሚደርሰው ጉዳት ወደ ሐኪም ቤት ሲመጣ ምክንያቱ ሳይነገር ይቀራል።

ትሉና ሥጋው

የበሬ ኮሶ ትል የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፤ ለዚህ ትል የመጨረሻ ማደሪያ የሚሆን ሌላ እንስሳ የለም። ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ እጅግ የሚረዝምም ያጋጥማል። ከ1,000 እስከ 2,000 በሚደርሱ ጠፍጣፋ ክፍሎች የተያያዘ ሲሆን፣ በጫፉ ላይ ያሉት የበሰሉ ክፍሎች እያንዳንዳቸው እስከ 100,000 እንቁላል ይይዛሉ። በየቀኑ 6 ያህል ክፍሎች ተበጥሰው ይወጣሉ። እንግዲህ አንድ ትል ያለበት አንድ ሰው በቀን እስከ 600,000 እንቁላል ወደ አካባቢው ሊለቅ ይችላል ማለት ነው። እንቁላሉ እርጥበት ባለው የግጦሽ መሬት ላይ ለወራት ሕይወቱን ጠብቆ ይቆያል።

ከብቱ እንቁላሉን ከሣሩ ጋር ይበላል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ በደም አማካይነት ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ በዚያም አተር የሚያህል ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። በብዛት የሚገኘው ደም በሚበዛባቸውና ዘወትር በሚሠሩ ጡንቻዎች፣ ማለትም በልብ፣ በምላስ፣ በመንጋጋ፣ በትከሻና ደረትን ከሆድ በሚለየው ጡንቻ ላይ ነው። ሰው ይህን ሥጋ በጥሬው ሲበላ እጩ በአንጀቱ ተጣብቆ በሁለት ወር ገደማ ወደ ሙሉ ትልነት ያድጋል።

ይህች የሁለት ወር ጊዜ አስገራሚ ናት። በደጋው ኅብረተሰብ ኮሶ በየሁለት ወሩ ይጠጣ እንደነበር በብዙ የቀድሞ ጽሑፎች ተመዝግቧል። ሁለቱ ቁጥሮች መገጣጠማቸው እንዲሁ የሆነ አይመስልም። ኮሶ የትሉን አካል አስወጥቶ ራሱን በአንጀቱ ላይ ተጣብቆ ሲተወው፣ ራሱ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ አካል ያበቅላል፤ ወይም ሰውየው በቀጣዩ በዓል ሌላ እጭ በልቶ አዲስ ትል ያሳድጋል። ኅብረተሰቡ የትሉን የዕድገት ዘመን በልምድ ለክቶ መድኃኒቱን በዚያው ልክ ደነገገው ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን ከ20 እስከ 50 ዓመቱ በዚህ ሥርዓት የኖረ ሰው ኮሶን 180 ጊዜ ይጠጣል። የመርዝ ጥናት ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ መጠን ምን ያህል ይጎዳል ብሎ ነው፤ እዚህ ያለው ጥያቄ ግን 180 መጠኖች በ30 ዓመት ውስጥ በአንድ የዓይን ነርቭ ላይ ምን ያደርጋሉ የሚል ነው። በአይጥ ላይ በሚደረግ የአንድ ቀን ሙከራ ይህ አይመለስም።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። ኮሶ የጠጣ ሰው መጸዳጃ ቤት ከሌለው ወደ ሜዳ ወይም ወደ ጫካ ይወጣል። በዚያም በአንድ ጊዜ ትሉን ከነበሰሉ ክፍሎቹ ሁሉ ይጥለዋል። ለእርሱ ፈውስ የሆነው ያ ሰዓት ለግጦሽ መሬቱ ትልቁ የብክለት ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ግለሰቡን እያዳነ የበሽታውን ዑደት ያድሳል፤ ዘመናዊው ክኒንም ቢሆን መጸዳጃ ከሌለ ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም።

በከተማ ቄራዎች የሥጋ ምርመራ ይካሄዳል። መርማሪው መንጋጋውን፣ ምላሱን፣ ልቡንና የትከሻውን ጡንቻ በቢላዋ ሰንጥቆ ከረጢቱን በዓይኑ ይፈልጋል። ዘዴው ሁለት ድክመት አለው። አንደኛ፣ ጥቂት እጭ ያለበት በሬ በተሰነጠቀው ቦታ ላይ እጭ ከሌለበት ያልፋል፤ ሥጋውን በሙሉ መሰንጠቅ ደግሞ ሥጋውን ማጥፋት ነው። ሁለተኛው ድክመት ይበልጥ ያሳስባል። በቀላሉ የሚታየው ሞቶ የደረቀና እንደ ኖራ የነጣው ከረጢት ነው፤ በሕይወት ያለው፣ ሰውን የሚይዘው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ ከሥጋው ጋር ይመሳሰላል። መርማሪው ከሚያደርሰው ይልቅ የማያደርሰውን በቀላሉ ያገኛል።

ይህም ቢሆን ለከተማው ቄራ ነው። በዓል ሲደርስ በሰፈር ተሰባስቦ በሬ ገዝቶ በቅርጫ የሚካፈለው ሕዝብ ብዙ ነው፤ በዚያ መደብ ላይ መርማሪ የለም። ሥጋው ታርዶ በሰዓታት ውስጥ ስለሚበላ እጩ ካለ በሕይወት አለ። ሚጥሚጣው፣ አዋዜውና አብሮ የሚቀመጠው አረቄ ትሉን ይገድላሉ የሚል እምነት በሰፊው አለ፤ ነገር ግን በጡንቻው ውስጥ የተቀበረውን ከረጢት ቅመሙ አይደርስበትም። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም ከጥሬው ብዙ አይሻልም፤ የሥጋው ውስጥ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበትና። ጥሬውን መተው ለማይፈልግ ሰው የሚያዋጣው ማቀዝቀዝ ነው፤ ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ለ10 ቀናት ከቆየ እጩ ይሞታል። የቁርጥ ወዳጅ ይህን በደስታ አይቀበለውም፤ የታሰረ በረዶ ሆኖ የተፈታ ሥጋ እንደ ብርንዶ አይጣፍጥምና። የአመጋገብ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ይህን ቅሬታ እንደ ድንቁርና መቁጠሩ አይረዳውም።

ምን ይጠና?

ፕራዚኳንቴል በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም በኪሎ፣ ኒክሎሳሚድ ደግሞ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 2 ግራም ተወስደው ትሉን በአብዛኛው ከነራሱ ያጠፋሉ። እነዚህ ባሉበት ኮሶን በሰው ላይ እንደ ትል መድኃኒት መሞከር በሥነ ምግባርም በጥቅምም ለማስረዳት ያስቸግራል፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ይህ ነው። በየጊዜው የሚቀርቡ «የኮሶ ፀረ ትል ውጤታማነት» የሚሉ የመመረቂያ ጥናቶች ከመቶ ዓመት በፊት የታወቀውን ደግመው ከማረጋገጥ አይዘሉም። የቀረው ያልታወቀው ነገር መርዙ ነው። ሰዎች ዛሬም ኮሶ ይጠጣሉ፤ የሚጠጡትም ክኒኑ በሌለበት ብቻ አይደለም፤ ክኒኑ «ትሉን አቅልጦ ያስቀረዋል፣ ኮሶ ግን ሲወጣ ያሳያል» ብለው የሚመርጡም አሉ። ለእነዚህ ሰዎች የሚነገር ትክክለኛ ቃል የሚገኘው ከመለካት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሊለካ የሚገባው ኮሶቶክሲን በአንድ ግራም አበባ ውስጥ ስንት እንደሆነ ነው፤ ይህም በሴቴና በወንዴ፣ በተለቀመ ወሩና ከዓመት በኋላ፣ ፀሐይ ላይ በደረቀና በጥላ በደረቀ ተለይቶ መሆን አለበት። ከዚያ ያው አበባ በውኃ፣ በጠላና በጠጅ አንድ ሌሊት አድሮ በፈሳሹ ውስጥ ስንት ውህድ እንደሚገኝ ማነጻጸር ይቻላል። ይህ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ሥራ የሚመጥን፣ ከተራ የክሮማቶግራፊ መሣሪያ በላይ የማይጠይቅ ጥናት ነው። የመሰረጹ ጥያቄ ይከብዳል፤ እንስሳ ይፈልጋል፣ ድግግሞሽም ይፈልጋል፤ ቅቤ የበላና ያልበላ እንስሳ ደም ውስጥ የሚገኘውን መጠን ማወዳደር ግን የፈርኑን ዘመን ማስጠንቀቂያ በኮሶ ላይ ለመፈተሽ ቀጥተኛው መንገድ ነው።

ዛፉ ራሱም አሳሳቢ ሁኔታ ላይ ነው። እንጨቱ ለቤት ዕቃ ስለሚፈለግ ከደጋው ደኖች እየተመናመነ ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ኮሶን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ናሙና የሚሰበስብ ተመራማሪ ዘለላውን እንጂ ቅርንጫፉን መቁረጥ የለበትም። ለእያንዳንዱ ናሙና የዛፉ ፆታ፣ የበቀለበት ከፍታ፣ የተለቀመበት ወርና የደረቀበት ሁኔታ መመዝገብ አለበት። ከገበያ የተገዛ ኮሶ ከእነዚህ አንዱንም አይነግርም፤ በመደቡ ላይ የአምናውና የዘንድሮው፣ የወንዴውና የሴቴው ተደባልቆ ይሸጣል፤ ሻጯ ራሷ ከሌላ የተረከበችው ሊሆን ይችላል። ከእንዲህ ያለ ናሙና የተገኘ ቁጥር በሠንጠረዥ ላይ ንጹሕ መስሎ ቢታይም ምን እንደተለካ የሚያውቅ አይኖርም።